ዋግ አሳዳጊው ጸጉር አስተካካይ

ሰው በግ ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፣ አመል ከሆነበትም ርግብ ያሳድጋል። ይህ ሰው ያሳደገው በሽታ ነው። ያውም እንደ ነገሩ አይደለም፤ ውሃ እየረጨ፣ ብርድና ሙቀቱን እየጠበቀ፣ ሲዳከምበት እያስታመመ፣ ጸጉሩ እስኪሸብት ድረስ አሳደገው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኞቿ ቀሚሳቸውን እየለኩ "ባለቤትሽ ምን ይሠራል?" ሲሏት፣ በከንፈሯ የያዘቻትን መርፌ ሳታወጣ "የስንዴ በሽታ ያረባል" ትላለች። ጠያቂዋም ወይ ትስቃለች ወይ ቀሚሷን ቶሎ ይዛ ትሄዳለች። ልጃቸው በትንሽነቷ ክፍል ውስጥ ተነሥታ "አባቴ ጤነኛ ስንዴ ያሳምማል" ብላ ወላጅ አምጪ ተብላለች። አባት ከሥራ አስፈቅዶ ሄደና ነገሩን ከሥሩ ለመምህሯ አስረዳ። መምህሯ አዳምጣ አዳምጣ "ታዲያ ልጅቷ ምን ዋሸች?" አለችው። 

በመሥሪያ ቤቱ "የዋግ አባት" ይሉታል። ዋግ የስንዴ ጠላት ነው። የያዘው ማሳ ውስጥ አልፎ የወጣ ሰው ሱሪው የዛገ ብረት የታሸበት ይመስላል። ክፋቱ ደግሞ፣ ሕይወት ካለው ተክል ላይ ካልሆነ አያድግም፤ በብልቃጥ ቀልበህ አታኖረውም። ስለዚህ የትኛው ስንዴ እንደሚቋቋመው ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ጠላቱን ራሱን ቤቱ አስገብቶ ጤነኛ ስንዴ እያበላ ማኖር አለበት። ይህ ሁሉም እጅ የሚችለው ሥራ አይደለም።

የሚችለውን እጅ ያገኘችው በመሥሪያ ቤቱ ስንዴ የምትመራመር አንዲት ዶክተር ናት። ያገኘችውም ጸጉር ቤት ውስጥ ነው።

ያን ጊዜ ሰውዬው ወጣት ጸጉር አስተካካይ ነበር። ቤቱ ጠባብ፣ ወንበሩ አንድ፣ ወረፋ ጠባቂዎቹም ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው የሰው ወሬ የሚያዳምጡ ወንዶች ነበሩ። አንድ ቀን ነጭ ጋዋን ክንዷ ላይ ያጠፈች ሴት ገብታ ወረፋ ያዘች። ጋዜጦቹ ሁሉ ዝቅ አሉ። ተራዋ ሲደርስ ተቀምጣ "አሳጥረው" አለችው።

"ምን ያህል?"

"አቧራ የማይዝ ያህል።"

ያን የመሰለ ጸጉር መቁረጡ እያሳሳው ቆረጠው። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ለስላሳውን ብሩሽ አንስቶ አንገቷን ጠረገላት። ጨፍና የነበረችው ሴት ዓይኗን ገልጣ በመስተዋቱ ውስጥ እጁን አየችው።

"እስቲ ድገመው" አለች።

ደገመው። በሚቀጥለው ሳምንት ጸጉሯ ምንም ሳያድግ ተመልሳ መጣች። "ብሩሹ ሲነካኝ አይሰማኝም፤ ግን አንዲት ጸጉር አይቀርም" አለችው። "እንዲህ ያለ እጅ ስፈልግ ነው የከረምኩት። ሥራ ልስጥህ?"

"ምን ዓይነት ሥራ?"

"ይኸው ነው። ቅጠል ትጠርግልኛለህ።"

ወረፋ ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱም እብድ ናት ብሎ ደመደመ። ግን ስትናገር ፊቷ ላይ ያየው ነገር ቀኑን ሙሉ ሲከተለው ዋለ፤ አድሮም አልለቀቀውም። በማግስቱ ቤቱን ቆልፎ አድራሻዋን እያጠያየቀ ሄደ። የዚያን ዕለት ደንበኞቹ እስከ ዛሬ በር ላይ ይጠብቁት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የወሰደችው ጣሪያውም ግድግዳውም መስተዋት ወደ ሆነ ቤት ነው። መጨረሻ ክፍል አስገብታ አንዲት የታመመች የስንዴ ቅጠል እያሳየችው ብሩሽ ሰጠችው። አንገት እንደሚጠርግ ቀስ ብሎ ጠረገ። በብሩሹ ጫፍ ላይ የሸክላ ቀለም ያለው ብናኝ ተጠራቀመ። ያንን በአጉሊ መነጽር ሥር አደረገችና "ና እይ" አለችው።

ጎንበስ ብሎ አየ። አቧራ መስሎት የነበረው አቧራ አይደለም። እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷ ቅርጽ፣ የራሷ ቆዳ፣ በቆዳዋም ላይ ጥቃቅን እሾህ ነበራት።

"ሕይወት አላቸው?"

"እያንዳንዳቸው።"

"ስንት ይሆናሉ?"

"አሁን ብሩሽህ ላይ ያሉት? በዚህ ከተማ ካለው ሰው ይበልጣሉ" አለች ዶክተሯ። "ከነሱ አንዷ ነፋስ ካገኘች ተራራ ተሻግራ ሰው ማሳ ትገባለች። ዓይን የላት፣ እጅ የላት። ቅጠሉ ላይ ካረፈች በኋላ እየዳበሰች ትሄድና ቅጠሉ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ታገኛለች። በዚያ ትገባለች።"

ሰውዬው ትንፋሹን ዋጠ። ፈርቶ አልነበረም። ገና በሃያዎቹ ውስጥ ሆኖ ዓለምን ያወቃት መስሎት ነበርና፣ በብሩሽ ጫፍ ላይ አንድ ከተማ ሕዝብ ይዞ መቆሙ አስደነቀው፤ ደግሞም አሳነሰው። ማነሱ ደስ አለው። የዚያን ዕለት ምሳ መብላቱን ረሳ።

በዚያ ቤት ቅጽል ስም የወጣላቸው ሁለት ስንዴዎች ነበሩ። አንዷ "እሺ ባይ" ትባላለች። የመጣ ዋግ ሁሉ ይይዛታል፤ ለአንዱም እምቢ ብላ አታውቅም፤ ዋጉን ቀልበው የሚያኖሩት በሷ ላይ ነው። ሁለተኛዋ የዶክተሯ ናት። ሰው የናቃትን አንዲት አሮጌ ዘር ከገበሬው ስንዴ ጋር ስታዳቅል፣ ያልሆነውን ስትጥል፣ እንደገና ስታዳቅል ወጣትነቷን የጨረሰችባት ስንዴ ናት። እሷ "እምቢ ባይ" ናት። ዋግ ቢነሰነስባትም ቅጠሏ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፤ ቀርቦ ላየው ብቻ መርፌ የነካው የሚያክል ነጫጭ ነጥብ አለው።

"ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?" ብሎ ጠይቋት ነበር በመጀመሪያው ሰሞን።

"ዋጉ የገባባት ቦታ ናት። ስንዴዋ መግባቱን ስታውቅ ያቺን ቁራሽ ራሷ ገደለቻት። ዋግ የሞተ አይበላም፤ እዚያው በረሃብ ያልቃል።"

"ራሷን ቆርጣ?"

"ራሷን ቆርጣ። ሌላው እንዲድን።"

ማታ ቤቱ ገብቶ ይህንን ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ አሰበችና "እኔ ለእናትህ እንኳ ያን ያህል አላደርግም" አለች። እሱ ግን አልሳቀም። አፍ የሌላት፣ ከቦታዋ የማትነቃነቅ፣ ነፋስ ሲመጣ የምትጎነበስ ሣር መሳይ ነገር ይህን ታውቃለች ብሎ ሲያስብ አምሽቶ ተኛ።

ዶክተሯ ሕግ ነበራት። ጠዋት መጀመሪያ የሚገባው ጤነኞቹ ክፍል ነው፤ የታመሙት መጨረሻ ናቸው። ከታመሙት ክፍል የወጣ ሰው ጸጉሩን ሳይቀር ይታጠባል፣ ልብስ ይቀይራል፣ የዚያን ቀን ተመልሶ ጤነኞቹ ጋ አይገባም፤ የረሳው መነጽሩን ቢሆን እንኳ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ያየኸውን ያየህ ዕለት ተናገር የሚለው ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ትላለች። ሰው ሁሉ የሚለው አባባል እሷ ስትለው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ዓመታት አለፉ። እምቢ ባይ ከማሳ ወደ ማሳ ተዳረሰች። ዋግ ያስለቀቀው አካባቢ ሰው ተመልሶ ስንዴ ዘራ። ዶክተሯ ጡረታ ወጣች፤ ዓይኗ ደከመ፤ ልቧም ድንጋጤ የማይችል ልብ ሆነና ሐኪሟ ቅርቦቿን ሁሉ አስጠነቀቀ። የዋግ አባት ግን ጸጉሯን መቁረጡን አልተወም። ወር በገባ ቁጥር መቀሱንና ብሩሹን ይዞ ቤቷ ይሄዳል። (የዋጉ ብሩሽ ሌላ ነው፤ ያ እንዳይመስላችሁ።) በረንዳው ላይ ወንበር ያወጣላታል፤ እሷም ፎጣው አንገቷ ላይ ሳይታሰር የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

"ልጆቹ እንዴት ናቸው?"

ስለ ሴት ልጁ አይደለም። ስለ ዋጎቹ ነው። እሱም የትኛው እንደበረታ፣ የትኛው እንደደከመ እያወራላት ይቆርጣል።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው የድሮ ተማሪዎቿ ተሰባስበው በስሟ የምርምር ፈንድ ሊያቋቁሙ የተነሡት። ተክል በሽታን የሚቋቋምበትን መንገድ ለሚመረምሩ ወጣቶች የሚሆን ነው። ወፍጮ ቤቶች ገቡበት፣ የገበሬ ማኅበራት ገቡበት፣ የዱሮ የቢሮ ጸሐፊዋ ሳትቀር ገባችበት። የፈንዱ ምልክት የእምቢ ባይ ዛላ ሆነ። አዳራሹ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ጨርቅ "ያልተበገረችው ስንዴ፣ ያልተበገረችው እናት" ይላል። ለዶክተሯ ሲያነቡላት "እናት የሆንኩት መቼ ነው?" ብላ ሳቀች፤ አግብታም ወልዳም አታውቅምና። ደስ ማለቷ ግን ያስታውቅ ነበር። የዋግ አባትም ደስ አለው፤ ለበዓሉ ብሎ ሚስቱ አዲስ ኮት ሰፋችለት።

ከምሥረታው ቀን ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ከአንድ ሩቅ ማሳ በወረቀት የተጠቀለለ የታመመ ቅጠል ደረሰ። እንዲህ ያለ በየወቅቱ ይመጣል። እንደ ወጉ ዋጉን መጀመሪያ በእሺ ባይ ላይ አነቃው፤ ቀጥሎ እምቢ ባይን ጨምሮ በሌሎቹ ስንዴዎች ላይ ነሰነሰና ጠበቀ።

አንድ ጠዋት በማሰሮ በተዘራችው እምቢ ባይ ቅጠል ላይ የሸክላ ቀለም አየ።

 መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። ነጭ ነጥብ የለም። የሞተ ቁራሽ የለም። ስንዴዋ ምንም እንዳልተሰማት ሁሉ ዋጉ ቅጠሏን ሞልቶ ፈክቷል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያሰበው "ዘር ቀላቅዬ ነው" ብሎ ነው። በዚህ ሥራ ከስህተት ሁሉ የሚያሳፍረው ይህ ነው፤ በእምቢ ባይ ማሰሮ እሺ ባይን መዝራት። ዘራቸውን በዓይን የሚለይ ሰው የለም። በዘራ ዕለት ደግሞ ልጁ ስልክ ደውላ "አባዬ፣ አያት ልትሆን ነው" ብላው ነበር፤ ደስታም እጅ ያስታል። ስለዚህ ለማንም ሳይተነፍስ ካልተከፈተ ከረጢት አዲስ ዘር አውጥቶ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እየቆጠረ ዘራ። ሲበቅል በከፊሉ ላይ የቆየውን ዋግ፣ በከፊሉ ላይ አዲሱን ነሰነሰና እንደገና መጠበቅ ጀመረ። ሰው "እንዴት ነህ?" ሲለው "እግዜር ይመስገን" ይላል፤ ሆዱ ግን ሌላ ያውቃል።

መልሱ የመጣው በምሥረታው ዋዜማ ነው። የቆየው ዋግ የተነሰነሰባቸው በነጫጭ ነጥባቸው አረንጓዴ እንደሆኑ ቆመዋል። አዲሱ የተነሰነሰባቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝገዋል። እጁ አልሳተም ነበር። ይህን ባወቀ ጊዜ እጄ በሳተ ኖሮ ብሎ ተመኘ።

ቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሄደ። ኃላፊው በተማሪነቱ ሲመጣ ብሩሽ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው፤ የዋግ አባት ኃላፊውን ሰው ፊት "እርስዎ" ይለዋል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ "አንተ"። ይዞት ገብቶ አሳየው። ኃላፊው ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"ሁለቴ አይቻለሁ። አሁን አንተም አየህ።"

ኃላፊው ግድግዳው ላይ ተደገፈ። "ነገ ከሰዓት በኋላ ነው እኮ ምሥረታው። ሰው ሁሉ ተጠርቷል። የዶክተርን ልብ ደግሞ ያውቃሉ፤ ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል። ነገን ብቻ እናሳልፍ፣ ጋሼ። ከነገ ወዲያ በጠዋት እኔ ራሴ ቤታቸው ሄጄ፣ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ዝም እንበል። ዝም አይነቅዝም።"

"ዝምታውስ አይነቅዝም" አለ የዋግ አባት። "የሚነቅዘው ስንዴው ነው።"

ግን እሺ አለ። ኃላፊው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ዶክተሯን እንደ እናቱ እንደሚወዳት ያውቃል። ነገ ጠዋት ለበዓሉ ጸጉሯን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ግን ሁለቱም አላሰቡትም። ትዝ ያለው ቤቱ ገብቶ ሚስቱ "መቀሱን ስለኸዋል ወይስ ልሳልልህ?" ስትለው ነው።

ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት።

"ልባቸው ቀጥ ቢልስ?" አለች ሚስቱ። "ገዳይ የምትባለው አንተ ነህ።"

"ታዲያ ልዋሻቸው?"

"ማን ዋሽ አለህ? ዝም በላቸው። ጸጉር ሲቆረጥ ሰው ዝም ይላል።"

"ይጠይቁኛል።"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ይደር።"

"ዋግም እያደር ነው የሚበዛው" አለ።

ሚስቱ መከራከሩን ትታ መቀሱን መሳል ጀመረች። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት በየዓመቱ የሚሆን አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ለዶክተሯ በረንዳዋ ላይ ወንበሩን አወጣላት። ዶክተሯ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። ፎጣውን ሳያስር "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" አለች።

"ደህና ናቸው" አለ። ከዚያ በላይ አልጨመረም፤ መቀሱን አነሳ። በቀኝ ጎኗ ጀመረ፣ ቆረጠ፣ አስተካከለ፣ እንደገና አስተካከለ።

"ቀኝ ጎኔ ጸጉር ቀርቶታል?" አለች ዶክተሯ።

መቀሱ አየር ላይ ቀረ።

"ፊትህን ካየሁት ቆየሁ፤ እጅህን ግን እሰማዋለሁ" አለች። "ማነው የታመመው?"

እዋሻለሁ ብሎ አልመጣም፤ እናገራለሁ ብሎም አልመጣም። አፉ ራሱ "እምቢ ባይ" አለ።

 እሱ ደረቷ ሲነሣና ሲወድቅ እያየ ከኋላዋ ቆመ። ቢወድቁብኝ በየት በኩል እይዛቸዋለሁ ብሎ ያስባል። አልወደቀችም።

"ነጭ ነጥብ አለው?"

"አንድም የለው።"

"ዘር ተቀላቅሎ ይሆን?"

"እኔም እንደዚያ ብዬ ደግሜ ዘራሁ። ያው ነው።"

"ደግሜ ዘራሁ" ብላ ቃሉን አላመጠችው። "እንግዲያ መጀመሪያ ያየኸው ትናንት አይደለም።"

ይህንን ነበር ከሁሉም የፈራው። "ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ ዶክተር። የኔ ጥፋት መስሎኝ አፍሬ ነው።"

"አንተ ስታፍር ዋጉ አላፈረም" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስትገሥጸው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ጆሮው ጋለ። ከዚያ ፎጣውን ራሷ ፈታችና ተነሣች። "ውሰደኝ።"

"ጸጉርዎ ግማሽ ነው እኮ።"

"ግማሹን ያየ ሌላውን ይገምት።"

መስተዋት ቤቱ ሲደርሱ ዘበኛው ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ሁሉ ደባበሰ። ዶክተሯ እንደ ሕጉ ጋዋን ለበሰች፣ ቆብ አጠለቀች። የዋግ አባት በክንዷ ይዞ ወደ መጨረሻው ክፍል አስገባትና አጉሊ መነጽሩን ሰጣት። ዓይኗ ላይ አድርጋ ጎነበሰች፤ አላየችም። መነጽሩን መልሳ ሰጠችውና "እጄን ምራው" አለችው።

ጣቷን መጀመሪያ የቆየው ዋግ ያለበት ቅጠል ላይ አሳረፈላት። ለስላሳ ነው። ቀጥሎ አዲሱ ያለበት ላይ አሳረፈላት። ዋግ የቅጠሉን ቆዳ ቀዶ ነው የሚወጣው፤ በጣት ይሻክራል። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። ቀስ እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"አገኘው" አለች።

"ምኑን?"

"በሩን። እኔ ዘግቼዋለሁ ያልኩትን በር።" እንባዋ ይወርዳል፤ እሷ ግን አልጠረገችውም። "ስንት ዓመት ነው የሞከረው? ስንት ሺህ ሚሊዮን ሆኖ ነው በሩ ላይ የሞተው? አንዷ፣ አንዷ ብቻ፣ በዳበሳ አገኘችው። ዓይን የላትም እኮ።"

"አዘኑ?" አላት፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ።

"እንዴት አላዝን? ዕድሜዬ ነው የወደቀው።" ጣቷን አላነሳችም። "ግን ይህን ሁሉ ዘመን አብሮህ የኖረ ጠላት ሲያሸንፍህ አለማድነቅ ንፉግነት ነው።"

የዋግ አባት እንደዚያ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ሰው ሲሸነፍ አይቷል፤ ሲሳደብ፣ ሲያስተባብል፣ ሲያለቅስ። ዕድሜዋን ያፈረሰባትን ነገር በጣቷ እየዳሰሰች የምትደነቅ ሰው ግን አላየም። አሮጊቷ ትናንት ከነበረችበት የረዘመች መሰለችው፤ እሱም እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን አነሰ። ልቧ እንዳይቆም መስጋቱን እስኪረሳ ድረስ ቆሞ አያት።

ከዚያ ቀና አለች። "ቅጠሉ የመጣበት አገር ሰው ያውቃል?"

"የተላከው ቅጠል የሌላ ስንዴ ነው፤ ማንም አያውቅም። እምቢ ባይ ነው የዘራነው ብለው እፎይ ብለው ተኝተዋል።"

"እንግዲያ የምንሄድበት አዳራሽ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የሞላው" አለች።

አዳራሹ በር ላይ የሚጠብቀው ኃላፊው አንድ ጊዜ ፊታቸውን አይቶ ሁሉንም አወቀ። ዶክተሯ ትከሻውን ፈልጋ ያዘችው። "ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጄ። ዳግመኛ ለእኔ ብለህ ዝም እንዳትል።" ኃላፊው አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ክንዷን ይዞ መድረኩ ላይ አወጣት። ጸጉሯ በአንድ ጎን አጭር፣ በአንድ ጎን ረጅም ነበር። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት አንዳንዶቹ አዲስ ፋሽን መስሏቸው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። የዋግ አባት በአዲሱ ኮቱ መድረኩ ሥር ቆሞ ፊቱን የሚያስገባበት አጣ።

ንግግር ብዙ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ዶክተሯ ማይክሮፎኑን ጨብጣ ወደማታየው ሕዝብ ዞረች።

"ከኋላዬ ባለው ጨርቅ ላይ ያለችው ስንዴ ተበግራለች" አለች። "ዛሬ ጠዋት በእጄ ዳስሻታለሁ። ከእናንተ ብዙዎቹ የሷን ዘር ዘርታችኋል፤ አምናችሁኝ ነው የዘራችሁት። ማሳችሁን እዩ። ዛሬውኑ እዩ።"

ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች።

"ይህ ከሞትኩ በኋላ ቢሆን ኖሮ ስሜን ላለማስነካት ስትሉ ትደብቁት ነበር። በሕይወቴ ደረሰልኝ። ፈንዱን በስሜ የምታቆሙ ከሆነ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ድጋፍ 'ወደቀ' ብሎ ቀድሞ ለሚናገር ይሁን። 'ቆመ' ለሚልማ አጨብጫቢ አይጠፋም።"

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ ረድፍ አንድ ገበሬ ተነሥቶ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። ሌላ ተነሣ። ከማኅበራት የመጡት ተከታትለው ተነሡ፤ ኮሪደሩ "ማሳውን እይ፣ ቅጠሉን ገልብጠህ እይ" በሚል ድምፅ ተሞላ። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። "ምን እየሆነ ነው?" አለች ዶክተሯ ወደ መድረኩ ሥር ጎንበስ ብላ።

"ሰው እየወጣ ነው፣ ዶክተር። እየደወሉ ነው።"

"ጎሽ" አለችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ወራት የሩጫ ነበሩ። ፈንዱ መጀመሪያ የላካቸው ወጣቶች በየማሳው ተበትነው አዲሱን ዋግ እግር በእግር ይከተሉ ጀመር። በብዙ ቦታ ቀደሙት፤ በጥቂት ቦታ ቀደማቸው። የዋግ አባት ደግሞ በመጋዘን የቆየውን ዘር ሁሉ እያበቀለ አዲሱን ዋግ ይነሰንስበታል። ስም ያላቸው ወደቁ። ሽልማት ያገኙ ወደቁ። ዶክተሯ በየጠዋቱ ትመጣለች፤ እሱ እጇን ይመራል፤ ጣቷ ይሻክርበታል፤ "ቀጥል" ትላለች።

በመጨረሻ ጣቷ የለሰለሰበት ቅጠል የአንዲት የዱር ስንዴ ሆነ። ዛላዋ የሳሳ፣ ፍሬዋ የኮሰሰ፣ ሠራተኞቹ እንደ አረም የሚቆጥሯት ናት። የዋግ አባት በአጉሊ መነጽር አያት። ቅጠሏ በነጫጭ ነጥብ ተሞልቷል። በየነጥቡ ላይ ራሷን ቆርጣ ነበር።

የዱር ስንዴዋ አበባ ስታወጣ ዶክተሯ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠችና ወረንጦ ዘረጋችለት። ወጣቶቹ ሁሉ ማሳ ናቸው። "ከእምቢ ባይ ጋር ታዳቅላታለህ፤ ፍሬው ከእምቢ ባይ፣ መቋቋሙ ከዚህች" አለችው።

"እኔ?" አለ። "እኔ ዋግ ነው የማውቀው፣ ዶክተር። ዕድሜዬን ሙሉ ጤነኛ ሳሳምም ነው የኖርኩት።"

"እንግዲያ አሁን ሌላውን ልመድ። እነግርሃለሁ።"

እሷ እየነገረችው ጎንበስ ብሎ የእምቢ ባይን አበባ ከፈተ። ውስጧ ያሉትን የወንዴ ከረጢቶች ገና ሳይፈነዱ አንድ በአንድ በወረንጦ አወጣ። የዱሯን ዛላ አምጥቶ ብናኟን አራገፈባት። በትንሽ ወረቀት ሸፈናት።  ያን ያህል ዓመት አንዲት ስንዴ ያዳነ እጅ አልነበረም፤ አሁን እዚያ ወረቀት ውስጥ የሆነ ነገር ሊጀመር ነው፤ የጀመረውም እሱ ነው።

"መቼ ይደርሳል?" አላት።

"ዳቦ እስኪሆን? አሥር ዓመት። ሊበልጥም ይችላል።"

ቀና ብሎ አያት። አንገቷ ቀጥኗል። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ተጣጥፈው ትጠብቃለች። ዕድሜዋ ላይ አሥር ሊደምር ጀመረና ተወው። 

"እርስዎስ?" አለ በመጨረሻ።

ዶክተሯ ጥያቄው የገባትም አልመሰለችም። እጇን ዘርግታ የወረቀቱን ሽፋን በጣቷ ነካችና ደህና መታሰሩን አረጋገጠች።

"የሚቀጥለውን አበባ ክፈት" አለችው።

ወረንጦውን አነሳና ጎነበሰ።